በቀብድ የተሠራ ጀልባ

የናይሮቢዋ ካሳራኒ ለእኛ አገር ሰው የሩጫ ሜዳ ናት። በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች አገልግሎት የሰጠው ስታዲየም፣ በ2017 ከ18 ዓመት በታች፣ በ2021 ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድበት ልጆቻችንን በቴሌቪዥን ያየንበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከስታዲየሙ ወጥቶ ወደ ምዊኪ የሚወስደውን መንገድ ለያዘ ሰው ግን ካሳራኒ የብየዳ ሰፈር ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የብረት በር፣ አልጋ፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የዶሮ ቤት ተደርድሯል። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጥሩንባቸውን እያስጮሁ ብየዳው እግር ሥር ያልፋሉ፤ የብየዳው ብልጭታ ተሳፋሪ ላይ ይዘንባል፤ ማንም አይቆጣም። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን የደጅ ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ የሚያቃጥል ፀሐይ እንደማለት ነው፤ ሠሪውን ደግሞ «ፉንዲ» ይሉታል።

ከእነዚህ ፉንዲዎች አንዱን ለትንሽ ሱቅ የሚሆን የብረት በር አዝዤው ነበር። በዋጋ ተስማማን፤ ከግማሽ በላይ ቀብድ ጠየቀ፤ እዚያው ቆሜ በኤምፔሳ ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ባልፍ ብረቱ ተገዝቶ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ደርሷል። ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የእኔ በር አይደለም፤ ከእኔ በር በሁለት ክንድ ይሰፋል። በእኔ ገንዘብ የተገዛው ብረት፣ ከእኔ በፊት ያዘዘ ሰው በር ሆኖ ቀይ ቀለም እየተቀባ ነበር። ፉንዲው ምንም አላፈረም። «የአንተን የሚሠራው ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው፣ ቦስ» አለኝ። ንግዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። የኢኮኖሚክስ መምህሮቼ በዚህ ጥራት አስረድተውኝ አያውቁም።

ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። ለፋሲካ ልብስ ሊያሰፋ ቀብድ የሰጠ ሁሉ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊው የዛሬውን ቀብድ ይዞ ሄዶ የትናንቱን ጨርቅ ይገዛል፤ የስቅለት ዕለት ሱቁ በደንበኛ ይጨናነቃል፤ ከፊሉ ሰው በዓሉን በአሮጌ ልብስ ይውላል። ሰውየው ሌባ አይደለም። ሥራ ማስኬጃው የእኛው ቀብድ ስለሆነ ብቻ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሞተር ጀልባ ልጽፍ ስለተነሣሁ ነው። «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ ከጂቡቲ ወደብ ተነሥታ በደረቅ መሬት፣ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ ዳገት ቁልቁለቱን ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ የተመለከተ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቋል፦ ይህን ሁሉ ከመንገላታት ለምን እዚሁ አንሠራትም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጀልባ ለመሥራት በባሕር ጠረፍ መወለድ አያስፈልግም፤ ብረት ቆራጭ፣ በያጅ፣ አናጢ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ፋይበርግላስ የሚያውቅ ሰው ይበቃል። ችግሩ ከእጅ ጥበቡ ይልቅ ከገንዘቡ አካሄድ ነው። በዓለም ላይ የሞተር ጀልባ ፋብሪካዎችን ታሪክ ያገላበጠ ሰው አንድ የሚገርም ነገር ያያል፤ ብዙዎቹ የከሰሩት «ልንስፋፋ ነው» ባሉ ማግስት ነው። አንዳንዶቹማ ከስረውም እየተስፋፉ ነው።

ፌርላይንን እንውሰድ። እንግሊዝ ውስጥ ከባሕር ርቃ በምትገኘው ኦንድል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጃክ ኒዊንግተን የተባለ ሰው በ1963 አሮጌ የጠጠር ማውጫ ጉድጓዶች ገዝቶ የጀልባ ማቆሚያ አደረጋቸው። በ1967 ደግሞ 19 ጫማ ርዝመት ያላትን የመጀመሪያዋን ጀልባ ሠራ። እንግዲህ ከወደብ ርቆ፣ በወንዝ ዳር የተጀመረ ሥራ ነው፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች ከፋብሪካው ወጥተው ወደ ባሕር የሚሄዱት ልክ እንደ ጣናነሽ 2 በተሽከርካሪ ተጭነው ነበር። ቤተሰቡ ኩባንያውን ከሸጠው በኋላ ከአንዱ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ወደ ሌላው ሲዞር ኖረ። በ2011 አዲስ ባለቤት መጣ፤ በ2015 እንደገና ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባና ከ380 በላይ ሠራተኞች ተሰናበቱ። በ2016 መጀመሪያ የሩሲያ ባለሀብቶች ከሞት አነሡት። የተነሣው ኩባንያ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን ነበር? አልቤርቶ ማንቺኒ የተባለ ጣሊያናዊ ንድፍ አውጪ ቀጥሮ አዳዲስ ሞዴሎች ማስተዋወቅ፤ ቀጥሎም ሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ ሃይዝ በምትባል ስፍራ ባሕሩ ዳር ለትልልቅ ጀልባዎች ሁለተኛ ፋብሪካ መክፈት። በ2021 ሌላ ባለቤት፤ በ2025 መግቢያ ደግሞ ሌላ።

ይህን በጋዜጣ ላይ የሚያነብ ሰው ኃላፊዎቹ ያበዱ ይመስለዋል። ዕዳ ያለበት ሰው እንዴት ሁለተኛ ቤት ይሠራል? ያበዱ ግን አይመስለኝም። የምዊኪ መንገዱ ፉንዲ ቢጠየቅ ወዲያው ይገባው ነበር።

ጀልባው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። መጀመሪያ የጀልባው ሙሉ ቅርጽ ከእንጨትና ከፎም ይቀረጻል፤ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይወለወላል። በዚያ ላይ ፋይበርግላስ ተደርቦ ቅርጽ ማውጫው ይወጣል። ይህ ቅርጽ ማውጫ የፋብሪካው ትልቁ ሀብት ነው፤ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ አንድ ሞዴል ካልተሸጠ ግን ከግቢው ጥግ ዝናብ የሚመታው ግዙፍ ገንዳ ከመሆን አያልፍም። ከዚያ እያንዳንዱ ጀልባ ሲታዘዝ ቅርጽ ማውጫው ሰም ይቀባል፤ የላይኛው የሚያብረቀርቀው ቀለም ይረጫል፤ የፋይበርግላሱ ጨርቅ ከሙጫው ጋር በንብርብር ይለጠፋል፤ ሲደርቅ አካሉ እንደ ቂጣ ከምጣድ ይነሣል። ግድግዳው፣ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ አልጋው፣ ኩሽናው ይገባል። ሞተሩ ከሌላ ኩባንያ የሚገዛ ነው፤ ከነጠላ ዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ እሱ ሲሆን ሻጩም ገንዘቡን ሳያይ አይለቅም። ሥራው ወራት ይፈጃል። በእነዚህ ወራት ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል።

ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ማነው? ገዢው ነው። ሲያዝ ቀብድ ይከፍላል፤ አካሉ ሲወጣ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲገባ ይጨምራል፤ ቀሪውን ሲረከብ ያጠናቅቃል።

አሁን ለአብነት ያህል ትንሽ እናስላ። አንድ ጀልባ 100 ብር ይሸጣል እንበል፤ ቀብዱ 30 ብር ነው፤ ለመሥራት ስድስት ወር ይፈጃል። ፋብሪካው በየወሩ 10 ትዕዛዝ ይቀበላል። በማንኛውም ቀን ፋብሪካው እጅ ውስጥ ያለው የሰው ቀብድ 10 በ30 በ6፣ ማለትም 1,800 ብር ነው። ገንዘቡ የፋብሪካው አይደለም፤ ጀልባ ሆኖ መመለስ ያለበት ዕዳ ነው። ግን ባንክ ውስጥ ሲተኛ ዕዳ አይመስልም፤ ሀብት ይመስላል። ብረት ይገዛበታል፤ ያለፈው ዓመት ዕዳ ይከፈልበታል፤ አዲስ አዳራሽ ይሠራበታል። አሁን የዓለም ገበያ ቀዝቅዞ ትዕዛዙ ወደ 5 ቢወርድስ? ቀስ በቀስ ያ 1,800 ብር ወደ 900 ይወርዳል። ቀድሞ ከተከፈለው ቀብድ 900 ብሩ ጀልባ ሆኖ ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ግን ድሮ አዳራሽ ሆኗል። እስከዚህ ድረስ አንድም ብር አልተሰረቀም። በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ትርፍ አለ። ፋብሪካው ግን ሞቷል።

ተቃራኒውን ደግሞ አስቡት። ትዕዛዙ ከ10 ወደ 12 ቢያድግ ያ የቀብድ ክምር 2,160 ይሆናል፤ 360 ብር ጥሬ ገንዘብ ያለ ባንክ፣ ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ እጅ ገባ ማለት ነው። እንግዲህ የተቸገረ የጀልባ ፋብሪካ ለምን እንደሚስፋፋ ገባን። አዲስ ሞዴል ማለት ካን ወይም ሳውዝሃምፕተን ላይ በሚደረገው የጀልባ ትርዒት የሚቀርብ አዲስ ሥዕል ነው፤ አዲስ ሥዕል ደግሞ አዲስ ቀብድ ነው። ጀልባዋ ከመወለዷ በፊት ቀብዷ ተበልቷል። መስፋፋት እንዲህ ባለ ኩባንያ ውስጥ ስለ ወደፊቱ የሚደረግ ዕቅድ ብቻ አይደለም፤ የዚህን ወር ደመወዝ መክፈያ ነው። ባንክም ቢሆን «ጉድጓዴን ልሙላበት» ለሚለው አያበድርም፤ «ልደግበት» ለሚለው ግን ያበድራል። ሥራ አስኪያጁ ከሁለቱ የትኛውን ደብዳቤ እንደሚጽፍ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

በዚህ መንገድ የሄዱት ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም። አውትቦርድ ማሪን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤቪንሩድና ጆንሰን የሚባሉትን ዝነኛ የጀልባ ሞተሮች የሚሠራ ነበር። ተፎካካሪው ብራንስዊክ በ1986 ሁለት ታላላቅ የጀልባ ፋብሪካዎችን፣ ቤይላይነርንና ሲ ሬይን ሲገዛ «ጀልባውን የያዘ ሞተሩን ይመርጣል» የሚል ሥጋት ገባው። እሱም ጀልባ ሠሪዎችን እየተከታተለ መግዛት ጀመረ። ሥጋቱ ልክ ነበር፤ መፍትሔው ግን ኪሱን አላየም። በ1991 አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ከ100 ሺህ ዶላር በሚበልጥ ጀልባ ላይ የቅንጦት ግብር ተጣለ፤ የተጣለውም ከዚያ በሚበልጠው መጠን ላይ 10 በመቶ ነበር። ግብሩ ሀብታሙን ይነካል ተብሎ ወጣ፤ ሀብታሙ ግን ጀልባውን ሳይገዛ ቀረ፤ የተነካው ፋይበርግላስ ለጣፊው ሆነና በ1993 ተሻረ። አውትቦርድ ማሪን በ1997 በግል ባለሀብቶች እጅ ገባ፤ አዲሱ የነዳጅ አረጫጨት ቴክኖሎጂው እክል አበዛበት፤ በዲሴምበር 2000 ለኪሳራ አመለከተ። 7 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ሥራ አጡ። የጀልባ ፋብሪካዎቹን የገዛው ጄንማር የተባለ ሌላ ስፍር ቁጥር የሌለው ስም የሰበሰበ ኩባንያ ነበር፤ እሱም በተራው በጁን 2009 ለኪሳራ አመለከተ። የሞተሩን ክፍል የገዛው ቦምባርዲየር ነበር፤ ከእሱ የወጣው ቢአርፒ የኤቪንሩድን ሞተር ማምረት በ2020 አቆመ። ኤቪንሩድ ከ1909 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ስም ነው።

አሁን ወደ ካሳራኒ ልመለስ። እዚህ የጀልባ ፋብሪካ የለም፤ ናይሮቢ ከባሕሩ ሩቅ ናት። ነገር ግን በሰው ገንዘብ ስለ መስፋፋት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም።

«ኡቹሚ» በስዋሂሊ ኢኮኖሚ ማለት ነው። በ1975 በመንግሥት ድርጅቶች የተቋቋመው ይህ የሱፐርማርኬት ኩባንያ የኬንያ መካከለኛ ገቢ ሰው ዱቄትና ስኳሩን የሚገዛበት ነበር። በ1992 በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። ቅርንጫፍ አበዛ፤ ዕዳ አበዛ፤ በ2006 አጋማሽ በሩን ዘጋ። በመንግሥት ድጋፍ በሳምንታት ውስጥ ተከፈተና ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። በ2011 ወደ አክሲዮን ገበያው ሲመለስ አገሩ ሁሉ አጨበጨበ፤ ከሞት የተነሣ ኩባንያ በአፍሪካ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ከሞት የተነሣው ኩባንያ እንደ ፌርላይን ሁሉ ቶሎ መስፋፋት አማረው። በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተስፋፋ። አክሲዮኑን በጎረቤት አገሮች ገበያዎችም አስመዘገበ። በ2014 መጨረሻ ከነባር ባለአክሲዮኖቹ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ ወደ 900 ሚሊዮን የሚጠጋ ሽልንግ ሰበሰበ፤ እንዲያውም ለመግዛት የመጣው ገንዘብ ከተጠየቀው በላይ ነበር። ስድስት ወር አልሞላም። በጁን 2015 ቦርዱ ዋና ሥራ አስኪያጁንና የፋይናንስ ኃላፊውን አሰናበተ። በኦክቶበር የኡጋንዳና የታንዛኒያ ሱቆች ተዘጉ። ኩባንያው ያን ጊዜ ራሱ እንዳመነው፣ ሁለቱ አገሮች ለገቢው የሚያዋጡት 5 በመቶ እንኳ ሳይሞላ የወጪውን ሩብ ይበሉ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሱፐርማርኬት ቀብድ አይቀበልም። ግን ከቀብድ የማይተናነስ ነገር አለው። ወተት አቅራቢው ዛሬ ያስረክባል፤ እናትየው ወተቱን ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ትገዛለች፤ አቅራቢው የሚከፈለው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። በመካከል ያለው ገንዘብ የማን ነው? የአቅራቢው። የሚያዝበት ግን ሱፐርማርኬቱ ነው። አንድ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት መደርደሪያው በዱቤ ይሞላል፤ ገንዘቡ በጥሬው ይገባል። ስለዚህ ቅርንጫፍ መክፈት ራሱ ገንዘብ ማግኛ ይሆናል። ቅርንጫፍ መክፈት የቆመ ዕለት ግን ያለፉት ሦስት ወራት ደረሰኞች በአንድ ጊዜ በር ያንኳኳሉ። አቅራቢዎቹ ዕቃ መላክ ያቆማሉ፤ መደርደሪያው ይራቆታል፤ የተራቆተ መደርደሪያ ያየ ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። በኡቹሚ መጨረሻ ዘመን ሱቆቹን ያየ ሰው፣ አንድ ዓይነት የሽንት ቤት ወረቀት ሙሉ መደርደሪያ እንዲሸፍን ተራርቆ ሲደረደር ያስታውሳል።

ለኡቹሚ የቀረው ተስፋ ካሳራኒ ነበር። እዚሁ ሰፈር 20 ኤከር ገደማ መሬት ነበረው፤ መሬቱን የያዘው ቅርንጫፍ ኩባንያ ስም «ካሳራኒ ሞል» ነው። ስሙ ሕልሙን ይናገራል፤ የገበያ አዳራሽ ሊሠራበት ታስቦ ነበር። መስፋፊያ የነበረው መሬት ዕዳ መክፈያ ሆነ፤ በቢሊዮን ሽልንግ ይሸጣል፣ አቅራቢዎቹ ይከፈላሉ፣ የተረፈው ሥራ ያስኬዳል ተባለ። ከዚያ የኬንያ መከላከያ ሠራዊት «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ መጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ገዢ ሸሸ፤ ዓመታት ነጎዱ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው አነጋገር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በ2020 አበዳሪዎቹ የዕዳቸውን ከፊል ትተው ከኩባንያው ጋር ለመስማማት ድምፅ ሲሰጡ፣ የስምምነቱ ወገብ ይኸው ያልተሸጠ መሬት ነበር።

ከካሳራኒ ጥቂት ደቂቃ በማታቱ ተጉዞ በቲካ መንገድ ላይ ያለውን የገበያ አዳራሽ የሚያይ ሰው ደግሞ የሌላውን ታሪክ ያገኛል። አዳራሹ በ2013 ሲከፈት ዋናው ተከራይ ናኩማት ነበር፤ ስሙን ናኩሩ ከተማ ውስጥ ከነበረ የፍራሽ ሱቅ ያገኘ፣ በአራት አገሮች ከ60 በላይ ቅርንጫፍ የነበረው። ዛሬ በቦታው ካርፉር አለ። የናኩማት አበዳሪዎች ኩባንያው እንዲፈርስ የወሰኑት በጃንዋሪ 2020 ነው። ኡቹሚና ናኩማት ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ያጠፋቸው ግን አንዱ ሌላውን ማሸነፉ አይደለም።

ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው «የኬንያ ነገር» ብሎ እንዳያልፈው ሆላንድ ካርን ላስታውስ። በ2005 በኢትዮጵያዊና በሆላንዳዊ ሽርክና የተቋቋመው ይህ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካውን ሞጆ ላይ ተከለ። ለመኪናዎቹ በወንዞቻችን ስም አወጣ፤ ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ። የቻይናው ሊፋን አካል «ዓባይ» ተብሎ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሲታይ ብዙ ሰው በኩራት አንገቱን አዙሯል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። አዲስ መኪና በቀረጥ ምክንያት ሕልም በሆነበት አገር፣ ደመወዝተኛ ሰው ቁጠባውን አውጥቶ ቅድሚያ ክፍያ ከፈለ፤ ተራውን ጠበቀ።

ቀብድ ተቀባዩ ላይ ሁለት ነገር ወደቀበት። ሊፋን ከእሱ ተለይቶ በያንግፋን ሞተርስ በኩል ራሱ አገራችን ገብቶ መገጣጠም ጀመረ፤ ሆላንድ ካር ሌላ የቻይና ኩባንያ ፈልጎ አዳዲስ ሞዴሎች አስተዋወቀ፤ ይኸውም መስፋፋት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነበር። በሴፕቴምበር 2010 ብር ተመን ተቀነሰበት፤ አንድ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ተነሥቶ በአንድ ቀን 16 ብር ከ35 ሆነ። ሆላንድ ካር ከደንበኛ የተቀበለው ብር ነው፤ ክፍለ አካሉን የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዋጋው ደግሞ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። በትናንት ብር የተሸጠ መኪና በዛሬ ዶላር ሲገዛ የእያንዳንዱ ትዕዛዝ ትርፍ ወደ ዕዳ ተገለበጠ። ትዕዛዝ በበዛ ቁጥር ዕዳው በዛ። በ2013 ገደማ ፋብሪካው ከስሮ ሲዘጋ ቀብድ ከፋዮቹ ከባንኩና ከጉምሩኩ ኋላ ተሰለፉ። በዚያው ሰሞን በቤት ግንባታ በኩል ደግሞ አክሰስ ሪል እስቴት ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን በቅድሚያ ክፍያቸው አሰልፎ ነበር።

ስለ ሆላንድ ካር በተነሣ ቁጥር «መንግሥት ቢደግፈው ኖሮ» የሚል ክርክር ይነሣል። ከፊል እውነት አለው፤ ያገለገለ መኪና እንደ ጎርፍ ይገባ በነበረበት አገር መገጣጠሚያ ብቻውን አይቆምም። ግን ድጋፉ ቢመጣ ኖሮ የት ይገባ ነበር? ወደ አዲስ ማምረቻ ወይስ ወደ አሮጌው ቀብድ ጉድጓድ? ኡቹሚ ድጋፉን በ2006 አግኝቷል፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያለበትን አይተናል። ድጋፍ የኩባንያውን ልማድ ሳይነካ ከገባ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሌላ ነገር አይገዛም።

መስፋፋት ሁሉ ቀጣፊ ነው እያልሁ አይደለም። ትልቅ ጀልባ ከትንሽ ጀልባ የተሻለ ትርፍ እንዳለው እውነት ነው፤ ፌርላይን በባሕሩ ዳርቻ አዳራሽ የፈለገውም ትልቁን ጀልባ በአገር ውስጥ መንገድ ማጓጓዝ ስለከበደው ነው። ሌላው እንግሊዛዊ ሰንሲከር በ2013 ለቻይናው ዋንዳ በ320 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ የኩባንያው ስም ያለ ጥርጥር ዋጋ ነበረው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ የሚስፋፋበት ገንዘብ የማን ነው? ባለቤቱ ከኪሱ ካወጣ ቢከስር የሚያለቅሰው እሱ ነው። ባንክ በመያዣ ካበደረ ባንኩ መሬቱን ይወስዳል። በቀብድና በዱቤ የተስፋፋ እንደሆነ ግን ኪሳራው የሚደርሰው በቦርዱ ስብሰባ ተቀምጦ ለማያውቅ፣ «ልስፋፋበት?» ተብሎ ላልተጠየቀ ሰው ነው፤ ያልተረከባት ጀልባ ላይ ስሙን ሊጽፍ ለቋመጠ ጡረተኛ፣ ሦስት ላም ይዞ ለኡቹሚ ወተት በማኅበር ለሚያስረክብ ገበሬ፣ ቁጠባውን አውጥቶ የ«ዓባይ» ተራ ለሚጠብቅ መምህር። የአምራቹን ሒሳብ የሚያይ ኦዲተር አለ። የእነሱን ወረፋ የሚያይ የለም።

የጀልባ ንግድ በዚህ ረገድ ከእኛ አንድ እርምጃ ይቀድማል። በሠለጠነው ገበያ የሚገዛ ብልህ ሰው ውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ያስገባል፤ ክፍያ በከፈለ ቁጥር እስከዚያ ቀን የተሠራው አካል፣ ተገዝቶ የገባው ሞተር የእሱ ንብረት እንዲሆን፤ ሞተሩም በቁጥሩ ተለይቶ በስሙ እንዲመዘገብ። ፋብሪካው ቢከስር ግማሽ ጀልባውን ጭኖ ይሄዳል። አንቀጿ የሌለችው ሰው ግን ጀልባዋን ከአዳራሹ መስኮት እያየ ከአበዳሪዎች ጋር ይሰለፋል። ባሕር ዳር ላይ ነገ የጀልባ ፋብሪካ ይቋቋም ብንል፣ እንዲቋቋምም እመኛለሁ፣ ከብየዳ ማሽኑ በፊት መገዛት ያለበት ይህቺ አንቀጽ ናት። ሞተሩ በዶላር ይመጣል፤ የብር ነገር ደግሞ በጁላይ 2024 ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያየነው ነው። ለጣና የምትሠራ ጀልባ በትናንት ብር ከተሸጠች ሞጆ ላይ የሆነው ይደገማል።

ከኬንያ ወገን መንግሥት ሌላ መንገድ ሞክሯል። በ2020 በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር የመርከብ ግንባታ ኩባንያ አቋቁሞ በኪሱሙና በሞምባሳ ያሠራል። የሠራዊት ፋብሪካ ቀብድ አያሳስበውም፤ ደንበኛውም ከፋዩም መንግሥት ነው። እኛ ደግሞ በ2010 ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንን (ሜቴክን) አቋቁመን ያንኑ መንገድ እስከ ጥግ ሄደንበታል። ሜቴክም ቢሆን የታዘዘውን ስኳር ፋብሪካ ሳያስረክብ ቀድሞ የሚከፈለው ነበር፤ ቀብድ ከፋዩ አገር ሆነ እንጂ አሠራሩ የፉንዲው ነው። ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ባለፈው ቅዳሜ በምዊኪ መንገድ አለፍሁ። የእኔ በር ቆሟል፤ ማለቴ ግማሹ ቆሟል። አንደኛው ክንፍ ተበይዶ ግድግዳ ተደግፎ፣ ማጠፊያው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ፉንዲው የለም፤ አንድ ልጅ ብየዳውን ይዟል። «ማስተሩስ?» ብዬ ጠየቅሁት። በመዶሻው ጫፍ የመንገዱን ማዶ አሳየኝ። ከማታቱዎቹ መካከል አሻግሬ ሳይ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ሁለተኛ ሱቅ ተከፍቷል፤ ፊት ለፊቱ ላይ በቀይ ቀለም ስልክ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ሰውየው ከአንዲት ሴት ጋር ቆሞ በሜትር የአየር ላይ በር እየለካ ነው። እኔን ሲያይ እጁን አውለበለበ። ሴትዮዋ ስልኳን አወጣች።